ለእታለም ትከሻ የተጣፈ ከርነል

ሙጫ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላት እናቷ ናቸው። ገና በዳዴ ስትሄድ ጀምሮ የያዘችውን ነገር አትለቅም ነበር፤ ማንኪያም ይሁን የእንግዳ ቀሚስ፣ አንዴ ከጨበጠች ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቆ ማላቀቅ ነው። እያደገች ስትሄድ ማንኪያውና ቀሚሱ ቀረና በነገር ላይ ሙጭጭ ማለት ጀመረች። የሒሳብ ጥያቄ አልፈታ ያላት ቀን ቤቱ ሰላም አያገኝም፤ ምሳም ይቅረብ እንግዳም ይምጣ፣ እሷ አንገቷን ደፍታ ከወረቀቷ ጋር ትፋጠጣለች። በኋላ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆና የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ስትቀጠር፣ ባልደረቦቿ ማንም ሳይነግራቸው ያንኑ ስም እንደ አዲስ አወጡላት።

ታላቅ እህቷ ደግሞ እግር ሠሪ ናት። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ በአደጋም ሆነ በስኳር በሽታ እግራቸውን ላጡ ሰዎች ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራ ማምረቻ አለ፤ ረጅም የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ገና ከበሩ የጀሶና የጋለ ፕላስቲክ ሽታ ሰውን የሚቀበልበት ቤት ነው። እዚያ በተለማማጅነት ገብታ፣ ከሷ በፊት የነበሩት አንድ በአንድ ጡረታ ሲወጡ ዋናዋ ባለሙያ እሷ ሆነች። ሙጫ ከልጅነቷ ጀምሮ "እታለም" ብላ ነው የምትጠራት። ስሙ ከቤት ወጥቶ ማምረቻው ድረስ ስለደረሰ፣ በዕድሜ እናቷ የሚሆኑ ታካሚዎች ሳይቀሩ እታለም ይሏታል።

በሰው ሠራሽ እግር ሥራ ትልቁ ጣጣ ቀፎው ነው፤ የተቆረጠው እግር፣ ጉቶው የሚገባበት ክፍል። ቀፎው ካልተስማማ የቀረው እግር ምንም ቢያምር ዋጋ የለውም፤ ጉቶውን ይልጠዋል፣ ያቆስለዋል፣ ሰውየው እግሩን አውልቆ አልጋ ሥር ይጥለዋል። እታለም የጉቶውን ቅርጽ በስካነር ታነሣና ኮምፒውተር ላይ ታስተካክለዋለች፤ ከዚያ "ጥረብ" የሚለውን ቁልፍ ስትነካ ጠራቢው ማሽን ከደረቅ አረፋ ግንድ ላይ ያንኑ ቅርጽ ጠርቦ ያወጣል። በሱ ላይ የጋለ የፕላስቲክ ሉህ ይለበጥና ቀፎ ይሆናል። ማሽኑ ያረጀ ቢሆንም እንደ ሰዓት ይሠራ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ሄዶ ሲመለስ ጠራቢውን የሚያዘው ኮምፒውተር ጢስ አወጣና ጸጥ አለ። ማሽኑ ራሱ ደህና ነው። የፕሮግራሙም ቅጂ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ነገር ግን ፕሮግራሙ የተጻፈው ኮምፒውተሩን ከሥር ሆኖ ለሚያሠራ፣ አሁን ለማይሸጥ አሮጌ ሲስተም ነው፤ የማምረቻው አዳዲስ ኮምፒውተሮች የሚሠሩት ደግሞ ማንም በነፃ በሚወስደው በሌላኛው ሲስተም ነው። አሮጌውን ሲስተም አዲሶቹ ላይ ለመጫን ቢሞከር፣ ኮምፒውተሮቹ ጭራሽ አላውቅህም አሉት። ማሽኑን የሠራው ድርጅት ከተዘጋም ቆይቷል፤ ስልኩ ላይ ሲደወል የአበባ ሱቅ ነው የሚያነሣው።

የማምረቻው ኃላፊ አዲስ ማሽን እንዲላክላቸው ለበላይ አመለከቱ። መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም። እስከዚያው በድሮው መንገድ፣ በእጅ ይሠራል ተባለ። ይህም ማለት ጉቶውን በጀሶ ፋሻ ጠቅልሎ ፎርማ ማውጣት፣ ጀሶ መሙላት፣ ከዚያ የደረቀውን ጀሶ ቀኑን ሙሉ በሞረድ መሞረድ ነው። እታለም ይህን ሥራ የተማረችው በእጅ ስለሆነ፣ ምንም አይደል፣ በእጄ እሠራለሁ አለች።

ሙጫ ነገሩን ያወቀችው አንድ እሁድ ቀን እቤት ነው። እታለም ከመደርደሪያ ላይ የዱቄት ጣሳ ልታወርድ ቀኝ እጇን አነሣች፤ እጇ ደረቷ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዙሪያዋን ገልመጥ አድርጋ በግራዋ ልትስበው ስትሞክር ጣሳው አምልጦ ወለሉን ነጭ አደረገው። እናታቸው ምን ሆንሽ ሲሏት ሙልጭልጭ አለብኝ አለች። ሙጫ ግን የጣሳውን ነገር ትታ እጁን ነበር የምታየው። መጥረጊያ ይዛ ተከትላት ወጣችና ትከሻዋን አሳዪኝ አለቻት። እታለም መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ተቆጣች፤ ሙጭጭ ሲባልባት ግን በመጨረሻ ተናገረች። ሐኪም አይቷታል። ሞረድ መያዙን ካላቆመች ትከሻዋ ጨርሶ እንደሚደርቅ፣ ከዚያ በኋላ እንኳን ሞረድ ማበጠሪያም እንደማታነሣ ነግሯታል። ኃላፊው በደግነት የመዝገብ ክፍሉን ወንበር ሊሰጧት አስበዋል።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?" አለች ሙጫ።

"ብናገር ወንበሩን ተቀበዪ ትዪኛለሽ። የሰው ስም ስጽፍ ልዋል? ጸጉር ሠሪዋ በዚያ በላላ ቀፎ እየተላጠች ቆማ ትውላለች። እሷን ማን ይሠራላታል?"

ጸጉር ሠሪዋ የእታለም የቆየች ደንበኛ ናት። ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትሠራው። ቁጭ ብላ እንድትሠራ ሲመክሯት፣ ቁጭ ብዬ የሰው ጸጉር የምሠራ ቀን ደንበኛዬ ጆሮዋን ይዛ ትወጣለች እያለች ትቀልዳለች። ሰውነቷ ስለከሳ ቀፎው ሰፍቷት በካልሲ ላይ ካልሲ ደርባ ነበር የምትንቀሳቀሰው።

ሙጫ ወለሉን ጠርጋ ስትጨርስ ልቧ ቆርጦ ነበር። ያንን ፕሮግራም አዲሱ ሲስተም ላይ ታስኬደዋለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማምረቻው ሄዳ ሥራ ጀመረች። ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር የሚሆን አንድ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ሥራው ማስተርጎም ነው። ለሌላ ሲስተም የተጻፈው ፕሮግራም በራሱ ቋንቋ ሲጠይቅ፣ አስተርጓሚው ተቀብሎ ለአዲሱ ሲስተም በሚገባው ቋንቋ ያቀርብለታል። ሙጫ አስተርጓሚውን ጭና የጠራቢውን ፕሮግራም ብታስነሣው፣ ያ ሁሉም የናፈቀው የፕሮግራሙ ሰማያዊ መስኮት ድቅን አለ። እታለም ከጀርባዋ ቆማ በደስታ ትከሻዋን ጨበጠቻት። የጸጉር ሠሪዋን ጉቶ ቅርጽ ከፈቱ፣ አዟዟሩት፣ ሁሉ ነገር ይሠራል። እታለም "ጥረብ" የሚለውን ስትነካ ግን መስኮቱ ድምጥማጡ ጠፋ። ደገሙት፣ ጠፋ። ቀኑን ሙሉ ሲከፍቱት ሲጠፋባቸው ዋሉ።

ምክንያቱን ለማግኘት ሙጫ ብዙ ቅዳሜና እሁድ ፈጀባት። ፕሮግራሙ ምን እንደጠየቀ፣ ምን እንደተመለሰለት መስመር በመስመር እያስመዘገበች አነበበች። ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራም በራሱ ፋይል አይከፍትም፣ ማሽንም አያንቀሳቅስም፤ ሁሉንም የሚያደርግለት ከርነል የሚባለው የሲስተሙ አስኳል ነው። ፕሮግራሙ ጥያቄውን የሚያቀርበው በቁጥር ነው፤ ይህኛው ቁጥር "አንብብልኝ"፣ ያኛው "ጻፍልኝ" ማለት ይሆናል። የሁለቱ ሲስተሞች ቁጥር ግን አይመሳሰልም፤ ለዚህ ነው አስተርጓሚ ያስፈለገው። የጠራቢው ፕሮግራም ሠሪዎች ደግሞ እንዳይሰረቅባቸው ፈርተው ኖሮ፣ "ጥረብ" ሲባል ፕሮግራሙ ማንንም ሳያማክር በቀጥታ ከርነሉን እንዲጠይቅ አድርገውታል። አስተርጓሚው ሳይሰማ ጥያቄው ያልፋል። በአሮጌው ሲስተም "አንብብልኝ" የነበረው ቁጥር ደግሞ እዚህ "ዝጋልኝ" ማለት ነው። ከርነሉ ታዛዥ ነውና ይዘጋል።

ይህን ባወቀች ቀን እቤት ገብታ ለእታለም ስታስረዳ፣ ጆሯቸው ደከም ያለው እናታቸው ከጎን ሆነው ይሰሙ ነበር። ችግሩ ያለው አስኳሉ ላይ ነው፣ እሱን መንካት አለብኝ ስትል፣

"እንቁላሉ ከተበላሸ ምን ያለፋሻል ልጄ፤ ጣይውና ሌላ ስበሪ" አሉ።

ሁለቱም ሳቁ። ሙጫ ግን እስካሁን የሰው ፕሮግራም ስትጠግን ነው የኖረችው፤ ከርነል ነክታ አታውቅም። መሥሪያ ቤቷ ያለው አለቃዋም ስታማክረው ራሱን ነቀነቀ። ከርነል የሚነካ ሰው ቤቱን ሳይለቅ መሠረቱን እንደሚቆፍር ሰው ነው አላት፤ ጣሪያው የሚወርደው በራሱ ላይ ነው። ስለ ምክሩ አመስግና ወጣችና ስለ ከርነል የተጻፈውን ማንበብ ጀመረች። ጠዋት በአውቶቡስ፣ በምሳ ሰዓት በቢሮ፣ ምጣዱ እስኪግል ድረስ በወጥ ቤት ታነባለች።

ስታስስ በኢንተርኔት ከአንድ ሰው ጽሑፍ ጋር ተገናኘች። ራሱን ቀንድ አውጣ ብሎ ይጠራል። ሩቅ አገር ያለ የጥርስ ሐኪም ነው። ቀን የሰው ጥርስ ሲቦረቡር ይውልና ሥራ ሲወጣ የሚዝናናው አንድ ጥንታዊ የከባድ መኪና መንዳት ጨዋታ በመጫወት ነበር፤ ጨዋታው ለዚያው ለአሮጌው ሲስተም የተሠራ ነው፤ እሱም እንደ ጠራቢው ፕሮግራም አስተርጓሚውን አልፎ በቀጥታ ከርነሉን ይጠይቃል። ቀንድ አውጣ ታዲያ ለከርነሉ ፓች ጽፎለት ነበር፤ እራፊ እንደማለት ነው፣ በተቀደደው ላይ የሚጣፍ ቁራጭ ኮድ። እራፊው ጥያቄ በመጣ ቁጥር ከርነሉ "ይህ ከየት በኩል መጣ?" ብሎ እንዲያይ፣ ከባዕዱ ፕሮግራም በኩል ከሆነ ራሱ ከመመለስ ይልቅ ለአስተርጓሚው እንዲያስረክብ ያደርጋል። ከርነሉን የሚጠብቁት ሰዎች፣ በየአገሩ ሆነው የሚገባውንና የማይገባውን የሚለዩት፣ አንቀበልም አሉት። እሱም ተስፋ ቆርጦ ተወው።

ሙጫ ጻፈችለት። ወዲያው መለሰላት፤ ወስደሽ የፈለግሽውን አድርጊው፣ እኔ የጥርስ ሥራዬን ይዣለሁ አለ። እሷ ግን መውሰድ ብቻ አልፈለገችም፤ ስለ ጠራቢው፣ ስለ ጸጉር ሠሪዋ፣ ስለ እህቷ ትከሻ ጻፈችለትና አብረን እንጨርሰው አለችው። ጥቂት ቆይቶ እሺ አለ።

እታለም ይህን ስትሰማ ዓይኗ ፈጠጠ። "ትልቅ ሰው፣ ያውም ሐኪም፣ ቁጭ ብሎ የውሸት መኪና ይነዳል?"

"እሱ የውሸት መኪናውን ካልነዳ አንቺ የእውነት እግር አትሠሪም" አለቻት ሙጫ።

የመጀመሪያው ሙከራ ጉድ አፈላ። ሙጫ እራፊውን ጥፋ የሠራችውን ከርነል በማምረቻው ኮምፒውተር ላይ ጫነችና አስነሣችው። ጥቁር ሆኖ ቀረ። ያ ኮምፒውተር ደግሞ የታካሚዎች ቀጠሮ የሚያዝበት ነበርና ሰኞ ጠዋት ኮሪደሩ በሰው ሲሞላ ማን ለማን እንደተቀጠረ የሚያውቅ ጠፋ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ያን ቀን ግን ቆሽታቸው አረረ። ሙጫ ከመሥሪያ ቤቷ አስፈቅዳ እየሮጠች መጣችና አስተካከለችው። ከዚያ ቢሯቸው ገብታ ፊታቸው ቆመች። ከእንግዲህ ማምረቻው ውስጥ ኮምፒውተር እንዳትነካ ነገሯት።

"አልነካም" አለች። "የራሴን ይዤ እመጣለሁ። የሚበላሽ ነገር ካለ የኔ ይበላሻል። ማሽኑን ብቻ አይከልክሉኝ።"

ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ። "ይሄን ያህል ምን አስጨነቀሽ? አዲስ ማሽን መምጣቱ አይቀርም።"

"እስኪመጣ የእህቴ ትከሻ አይጠብቅም።"

ኃላፊው የእታለምን ሕመም ያውቁ ነበር። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ አሉ።

ከዚያ በኋላ የሙጫ ኮምፒውተር ያልወደቀበት ቀን አልነበረም። አንድ ጊዜ ይነሣና ድምፅ አይኖረውም፤ ሌላ ጊዜ ይነሣና የፊደል ሰሌዳውን ይረሳል። ስትሳሳት ቀንድ አውጣ ያርማታል፤ እሱ ሲሳሳት እሷ ታርመዋለች። እሱ የጻፈው እራፊ ጥያቄውን ለአስተርጓሚው ቢያስረክብም፣ አስተርጓሚው ራሱ ከርነሉን ሲጠይቅ ደግሞ ያንኑ እየያዘ መልሶ ያስረክበው ኖሯል፤ ጥያቄው እንደ ውሻ ጭራውን ሲያሳድድ ሲስተሙ ይደነዝዛል። ይህን ያገኘችው ሙጫ ናት። ለአስተርጓሚው ብቻ ማለፊያ ሰጠችው። ወዲያው የጥርስ ሐኪሙ ከባድ መኪና ተነሣና ጋራዡን ጥሶ ወጣ፤ ደስታውን ሲጽፍላት ፊደሉን ሁሉ አጣመመው።

ቅዳሜ ጠዋት ኮምፒውተሯን ከጠራቢው ጋር አገናኝታ እታለምን ጠራቻት። እታለም "ጥረብ" የሚለውን ነካች። መስኮቱ አልጠፋም። ማሽኑ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው ኩርር አለና ግንዱ መዞር ጀመረ፤ ቢላዋው ወርዶ አረፋውን ላጥ ላጥ አደረገው። የጀሶ ክፍሉ ሠራተኞች እጃቸውን እየጠረጉ መጥተው ከበቡት። እታለም አፏን በመዳፏ ይዛ ቆመች።

ቅርጹ ወጥቶ ብርሃን ላይ ሲታይ ግን ዙሪያውን በቦይ ተሞልቷል። አንዱ ቦይ ጠለቅ፣ አንዱ ሳሳ ያለ፣ ልክ የጠመዝማዛ ሚስማር አንገት ይመስላል። እንዲህ ባለው ቅርጽ ላይ ፕላስቲክ ቢለበጥ ጉቶውን እንደ ሞረድ ነው የሚበላው። ሰዎቹ ከንፈራቸውን መጠው ወደየሥራቸው ተመለሱ።

እታለም ቅርጹን ጠረጴዛው ላይ አሰረችና ከግድግዳው ሞረዷን አወረደች።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አለች ሙጫ።

"ልሞርደው ነዋ። ከጀሶ ይሻላል፣ አረፋ ነው፣ ይለሰልሳል። አንቺ የቻልሽውን አድርገሻል።"

ሙጫ ሞረዱን ያዘችው። እታለም ሳበችው፤ ሙጫ አለቀቀችም። እንደ ልጅነታቸው ሁለቱም በአንድ ነገር ተያይዘው ተፋጠጡ። ከዚያ እታለም ፊቷን አጨማደደች፣ ትከሻዋን ወግቷት ነበር፤ እጇ በራሱ ለቀቀ።

"የቻልኩትን ገና አላደረግሁም" አለች ሙጫ። "ይሄ ያንቺ ሥራ ሳይሆን የኔ ስህተት ነው። በትከሻሽ አትክፈዪልኝ።"

እታለም ወንበር ስባ ተቀመጠችና ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ሥራው እንደሚያልፋት ገና ከጢሱ ቀን ጀምሮ ሲታወቃት እንደነበር፣ ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን እናታቸው እንደሚሠሩላት፣ ለሙጫ እንዳይነግሩ እንዳስማለቻቸው ነገረቻት። ሙጫ ሞረዱን አቅፋ ሰማቻት። ከዚያ ሞረዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ይዛው ወደ ቤት ሄደች፤ ማሽኑ እስኪስተካከልም አልመለሰችውም።

የቦዩን ምክንያት ያገኘችው በሰዓቱ በኩል ነው። ፕሮግራሙ ቢላዋውን አንድ እርምጃ ያስኬድና ለቅጽበት ይተኛል፤ ነቅቶ ቀጣዩን እርምጃ ያዛል። አሮጌው ሲስተም በተባለው ቅጽበት ይቀሰቅሰው ነበር። አዲሱ ከርነል ግን ኃይል ለመቆጠብ ሲል የብዙ ፕሮግራሞችን መቀስቀሻ ሰብስቦ አንድ ላይ ያነቃቸዋል። ለሌላው ፕሮግራም ያቺ መዘግየት ከቁጥር አትገባም። ቢላዋው ግን ያንን ጊዜ አንድ ቦታ ቆሞ ሲሽከረከር ይቆይና ቦይ ይምሳል። ሙጫ እራፊው ላይ ጥቂት መስመር ጨመረች፤ ጥያቄው በአስተርጓሚው በኩል የመጣ ፕሮግራም እንቅልፍ ከጠየቀ በተባለው ሰዓት ቀስቅሰው፣ ማንንም አትጠብቅበት የሚል።

በዚህኛው ጊዜ የጠራችው እታለምን ብቻ ነው። ማሽኑ ሲቆም እታለም ቅርጹን አንሥታ በመዳፏ ዙሪያውን ዳሰሰችው። ጉንጯ ላይ አስጠግታ ዳሰሰችው። ከዚያ ምድጃውን ለማጋል ሄደች።

ጸጉር ሠሪዋ አዲሱን እግር ለመሞከር የመጣች ቀን መራመድ በሚለማመዱባቸው በእንጨት መደገፊያዎቹ መሃል ገባች፤ ያዝ ሳታደርግ ሄደች፤ ዞረች፤ ቆመች። ካልሲ ላይ ካልሲ የለም። ፊቷ ወዲያው አልፈካም፤ የት ጋ ነው የሚያመኝ ብላ የምትፈልግ ትመስል ነበር። ቆይታ "የለም እኮ" አለች። ምኑ ሲሏት፣ "ሕመሙ" አለች። ከዚያ የእታለምን ፀጉር አየችና ይህን ማን ነው እንዲህ ያበላሸው፣ ነገ ነይ በነፃ እሠራሻለሁ አለቻት።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን ነገሩ ተስተካክሏል ተብሎ የሙጫ ከርነል በማምረቻው ኮምፒውተር ላይ እንዲጫን ኃላፊው ራሳቸው ፈቀዱ። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም መልካም ሆነ። ከዚያ አንድ ጠዋት ኮምፒውተሩ "አዲስ ማሻሻያ መጥቷል፣ ልጫን?" ብሎ ሲጠይቅ ኃላፊው በትሕትና እሺ የሚለውን ነኩ። ማሻሻያው አዲስ ከርነል ይዞ መጣ፤ የሙጫን እራፊ ውሃ በላው። እታለም "ጥረብ" ስትል መስኮቱ እንደ ድሮው ጠፋ።

ሙጫ መልሳ ጫነችው። ያን ቀን ግን አንድ ነገር ገባት። ነገ እሷ ብትታመም፣ ሥራ ብትቀይር፣ አገር ብትለቅ፣ ማሻሻያ በመጣ ቁጥር ማሽኑ ይሞታል። እራፊው የእሷ ሆኖ እስከቀረ ድረስ እህቷ በእሷ እጅ ላይ ተንጠልጥላ ነው የምትኖረው። ከዋናው ከርነል ውስጥ መግባት አለበት፤ በዓለም ላይ ያለ ሁሉ በሚያወርደው ውስጥ። ለቀንድ አውጣ ስትነግረው እኔ አንዴ ተባርሬያለሁ አለ። እኔ ገና አልተባረርኩም ብላ መለሰችለት።

ላከችው። ያንን የከርነሉን ክፍል የሚጠብቀው ሰው መልሱ አጭር ነበር፤ ስለ እህትሽ ከልቤ አዝናለሁ፣ ነገር ግን ለአንድ ማሽን ተብሎ የሁሉም ሰው ኮምፒውተር አይዘገይም። እራፊው ከየፕሮግራሙ የሚመጣውን እያንዳንዱን ጥያቄ እያስቆመ "ከየት መጣህ?" ይላል፤ ጥያቄው ደግሞ ማለቂያ የለውም።

ሙጫ በንዴት የመልስ መልስ ጽፋ ነበር። ከመላኳ በፊት ተነሥታ ግቢውን ዞረች። ስትመለስ የጻፈችውን አጠፋችው፤ ሰውየው ልክ ነበር። የሷ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች በሰው አገር እግር ምክንያት ቢንቀራፈፉ እሷም እሺ አትልም። ስለዚህ እንደገና ከመጀመሪያው ተነሣች። ከርነሉን ስታነብ ቆይታ የምትፈልገውን አገኘች። መግቢያው ላይ ድሮውኑ የቆመ ዘበኛ አለ፤ ምልክት የተደረገባቸውን ጥቂት ፕሮግራሞች ብቻ እያስቆመ የሚፈትሽ፣ ሌላውን ቀና ብሎ እንኳ የማያይ። የጠራቢው ፕሮግራም ላይ ምልክት አድርጋ "ከየት መጣህ?" ማለቱን ለዚያ ዘበኛ ብትሰጠው፣ ምልክት የሌለበት ፕሮግራም ምንም ሳይሰማው ያልፋል። እሷ ስትጽፍ ቀንድ አውጣ ፍጥነቱን ይለካ ነበር። ለሌላው ሰው የሚያዘገየው ነገር አልተገኘም።

ጠባቂዎቹ ግን በቀላሉ የሚለቁ አልነበሩም። አንዱ ስም አወጣጡ አላማረኝም አለ። አንዱ ማስረጃ ጨምሪ አለ። ሌላው የሰዓቱን ነገር ከዋናው ነጥለሽ ለብቻው አምጪው አላት። እሷም ሙጭጭ አለችባቸው፤ ያሉትን እያደረገች፣ ልክ ያልሆነውን በጨዋ ቃል እየተከራከረች፣ በተመለሰ ቁጥር አስተካክላ ትልካለች። አለቃዋ በምሳ ሰዓት አጠገቧ ወንበር ስቦ ይቀመጥና ዛሬስ ምን አሉ ይላታል፤ ቆይቶ እሱ ራሱ ኮዱን ያነብላት፣ የተረሳውን ይጠቁማት ጀመር።

መልሱ የመጣው በአንድ የሥራ ስብሰባ መሃል ነው። "ተቀብያለሁ" ይላል፣ ሌላ ነገር የለውም። ሙጫ ስብሰባው እስኪያልቅ ድረስ የተባለውን አንድም ቃል አልሰማችም።

እራፊውን የያዘው ማሻሻያ ማምረቻው የደረሰው ክረምቱ አልፎ ነው። ያን ጠዋት ሙጫ ከሥራ በፊት ብቅ አለች። እታለም የትከሻ ሕክምናዋን በደንብ ይዛለች፤ እጇ አሁን ከመደርደሪያው የታችኛው ረድፍ ይደርሳል፣ ከዚያ በላይ ላይደርስ ይችላል ብለዋታል። አዲስ የመጣ ደንበኛ፣ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ኃላፊው ፈራ ተባ እያሉ መጡና "ልንካው?" ብለው ሙጫን ጠየቋት።

"ይንኩት" አለች።

ነኩት። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እስኪበራ ድረስ ሁሉም ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ፤ ፖስተኛውም ነገሩ ሳይገባው አብሯቸው አፈጠጠ። እታለም ሰማያዊውን መስኮት ከፈተች፣ ቅርጹን አመጣች፣ "ጥረብ" የሚለውን ነካች። ግንዱ ዞረ፣ ቢላዋው ወረደ። በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ የሙጫ እጅ የጫነው አንድም ከርነል አልነበረም፤ ለሁሉም የመጣው ነው ለነሱም የመጣው።

እታለም ዞራ አየቻት። "በቃ? ከእንግዲህ አንቺ ባትኖሪም ይሠራል?"

"እኔ ባልኖርም።"

"እንግዲያው እሁድ እሁድ እቤት ተኝተሽ ዋይ" አለቻትና የፖስተኛውን ጉቶ ልትለካ ጎንበስ አለች።

ሙጫ ትንሽ ቆማ ማሽኑን አየች። ከዚያ ሰዓቷን ስታይ አውቶቡሱ ሊያመልጣት ነበርና ደህና ዋሉ እንኳ ሳትል ወጣች።